ድፍርሱ ብልቃጥ

ቡካራማንጋ፣ ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1999

ለውድ አጎቴ ሳቱርኒኖ፣

አውቶቡሱ መገንጠያው ላይ ካወረደዎት በኋላ እስከ ኤል ሆቦ ያለውን ዳገት በእግርዎ እንደወጡት ሾፌሩ ክሪሳንቶ ነገረኝ። በቅሎ እስኪመጣልዎት ቢጠብቁ ምን ነበረበት? ከሆስፒታል በወጡ በአምስተኛው ቀን «አገዳው ቆሞ ይጠብቀኛል» ብለው ጥለውኝ ሄዱ። አርባ ዓመት የጠበቀዎት አገዳ አንድ ሳምንት ቢጨመርበት አይከፋውም ነበር። እኔ ግን ከፍቶኛል፤ ይኼን ይወቁልኝ።

ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሱ አዎ ነው። ፓኔላ ስኳር ነው። አገዳ ተጨምቆ፣ ፈልቶ፣ በጡብ ቅርጽ የደረቀ ስኳር። የፋብሪካው ነጭ ነው፣ የእናንተው ቡናማ ነው፤ ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ቀለሙን የሚጠይቀው የለም። ከአራት ዓመቴ ጀምሮ የፓኔላ ውሃ እያጠጡ አሳድገው፣ በፓኔላ ሥራ አስተምረው ነርስ ካደረጉኝ በኋላ ይኼን ከእኔ አፍ መስማት እንደሚያንገበግብዎት አውቃለሁ። እኔም ስጽፈው ደስ እያለኝ አይደለም። ግን ሥራዬ ይኼ ነው፤ በየቀኑ ሃያ የስኳር በሽተኛ ፊቴ ደርድሬ የማስተምረውን ለራሴ አጎት ልደብቅ?

እንግዲህ ያዳምጡኝ። ሳህንዎ ግማሹ አትክልት ይሁን፤ ጎመን፣ ቲማቲም፣ ዱባ፣ ያገኙትን። ሩቡ ሥጋ ወይ እንቁላል ወይ ባቄላ። ካሳቫውም፣ የተቀቀለው ሙዝም፣ ሩዙም፣ የበቆሎ ቂጣው አሬፓም ተሻምተው በቀረችው ሩብ ላይ ይስማሙ። አራቱ በአንድ ሳህን አይገናኙም። የፓኔላ ውሃ ጠዋትም የለም፣ ቀትርም የለም፣ «ትንሽ ብቻ» የምትባለውም የለችም። መጭመቂያው ቤት የሚቀርብልዎት የአገዳ ጭማቂም እንዲሁ።

መድኃኒቱን በክሪሳንቶ እጅ ልኬያለሁ። እኔ ዘንድ በነበሩባቸው ቀናት መርፌውን እኔ እየሞላሁ እርስዎ ይወጉ ነበር፤ አሁን መሙላቱም የእርስዎ ነው። ይኼ ድፍርሱ ኢንሱሊን ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሠራው። ጠዋት የወጉት እስከ ማታ ይዞዎት ይውላል። ጠዋት አሥራ አራት ዩኒት፣ ማታ ስምንት፤ ሆድዎ ላይ፣ ቦታ እየቀያየሩ። ማቀዝቀዣ ስለሌላችሁ ብልቃጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ውሃ ባለው የሸክላ እንስራ ጎን ያስቀምጡት። አደራ፣ አይናጡት። ከተናጠ አረፋ ያወጣል፣ መድኃኒቱም ይሰባበራል።

ደግሞ ዓይን ያጠፋል ብለው እንዳይፈሩ። የጎረቤትዎን የዶኛ ኤልቪያን ዓይን ያጠፋው መርፌው ሳይሆን መርፌውን አልወጋም ብላ የቆየችው አሥር ዓመት ነው።

አክስቴን ቤላርሚናን ይሳሙልኝ። ሲስተር ፊደሊና በየሁለት ሳምንቱ ጤና ኬላው ስትመጣ የደም ስኳርዎ ይለካ፤ ቁጥሩን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ዮሊማ


ኤል ሆቦ፣ ማርች 9 ቀን 1999

ዮሊማ ልጄ፣

ደብዳቤሽን አክስትሽ ሁለት ጊዜ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። የምቆጣበትን ክፍል ደግሞ ለብቻው ሦስተኛ ጊዜ። እንዲህ ዓይነት ድምፅ እንዳላት ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላውቅም ነበር።

ተቀብያለሁ። ተከራክሬ ተሸነፍኩ አልልም፤ አሁንም የፋብሪካው ስኳር ሌላ፣ ፓኔላ ሌላ ነው እላለሁ። ግን አንቺ ተምረሽበታል፣ እኔ አልተማርኩም። ደብዳቤሽ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ የፓኔላ ውሃ በከንፈሬ አልዞረም። ጠዋት የምጠጣው መራራ ቡና ነው፤ ከጠላቴ ጋር የምጠጣው ይመስላል።

የከበደኝ ቤት ውስጥ አይደለም፣ መጭመቂያው ቤት ነው። እንግዳ ደጃፉን ሲረግጥ በቅል ትኩስ ጭማቂ ይሰጠዋል፤ አልፈልግም ማለት ሰላምታ እንደመንሳት ነው፤ ታውቂዋለሽ። ምድጃውን የሚማግደው ጉሜርሲንዶ አላስቀምጥ ብሎኛል።

«ሳቱርኒኖ፣ ዛሬም ጾም ነህ? ምን ኃጢአት ሠርተህ ነው ቄሱ እንዲህ የቀጡህ?»

«የቀጣችኝ የወንድሜ ልጅ ናት» አልኩት።

«ያቺ አፍንጫዋን እየጠረግክ ያሳደግካት? እንግዲህ አንተን ከዚህ ቤት ጭማቂ ከለየች፣ ነገ ደግሞ ከሚስትህ ትለይሃለች።»

ሁሉም ሳቁብኝ፤ እኔም ሳቅሁ። ልክ መስጠቱን ግን እስካሁን ያለ እኔ አልቻሉትም። ፈሳሹ መብሰሉን የማየው እንደ ድሮው ነው፤ ጣቴን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ከሚፈላው ቆንጥሬ፣ መልሼ ውሃው ውስጥ። በመሃል ጣቴና በአውራ ጣቴ መካከል ቀጭ ሲል «አውጡ» እላለሁ። ደግሞ አሁን ጣቴ እንደ ወትሮው አይቃጠልም። እድሜ ደጉ፣ እጄ ጭራሽ ለሥራው ጠነከረ።

መድኃኒቱን እንዳልሽው ይዣለሁ። አልናጥኩትም፤ ካስቀመጥኩበትም አላንቀሳቅሰውም። ድፍርስ ነገር እንዴት እንደሚያዝ ለእኔ አይነገረኝም፤ እንጀራዬ ነው።

ሲስተር ፊደሊና ለካችኝ። 311 አለች። ብዙ ነው ወይ?

የጉንዳን ወቅት ሊደርስ ነው። አክስትሽ የተጠበሰ ጉንዳን ስኳር አለው ወይ ብለህ ጠይቃት ብላኛለች። አለው ካልሽ እንዳትጽፊልኝ።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ


ቡካራማንጋ፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1999

ውድ አጎቴ፣

ጉንዳን ስኳር የለውም። እስኪጠግቡ ይብሉ፤ ለእኔም አንድ ጠርሙስ ይላኩልኝ። ከዚህ የሚሻል ዜና ቢኖረኝ በወደድኩ።

311 ብዙ ነው። በኋላ የጻፉልኝ 346 ደግሞ የባሰ ነው። መውረድ ነበረበት፤ በሁለት ወር ውስጥ በግልጽ መውረድ ነበረበት። ለሐኪሙ አሳየሁት፤ መጠኑን ከፍ አድርጎታል። ከዛሬ ጀምሮ ጠዋት ሃያ አራት፣ ማታ አሥራ አራት ይውሰዱ።

እውነቱን ልንገርዎት፣ ተቆጥቻለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ የማስተምራቸው ሁሉ «ሲስተር፣ በእናቴ ይሁንብኝ፣ ምንም አልበላሁም» ይላሉ። ባለፈው ሳምንት አንድ ጡረተኛ አናጢ፣ በጣም የተከበረ ሰው፣ እንዲህ እያለ ሲምልልኝ ባርኔጣውን ሲያወልቅ በጡብ ቅርጽ የተሠራ የዘይቱን ጣፋጭ ከውስጡ መሬት ላይ ወደቀ። ክፍሉ በሳቅ ሞተ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ የእርስዎ ባርኔጣ ትዝ አለኝ።

ብልቃጡ ገና ጊዜው ሳይደርስ እንዳለቀ ክሪሳንቶ ነግሮኝ ሌላ ልኬያለሁ። መርፌውን እንደሚወጉ ከዚህ አውቃለሁ፤ በዚህስ አልጠራጠርዎትም። ስለዚህ የቀረው አፍዎ ነው። ምን እየበሉ ነው? ምንም ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ። አልቆጣም።

ጣቴ አይቃጠልም ያሉኝ ጉዳይ እንቅልፍ ነስቶኛል። ይኼ ጥንካሬ አይደለም አጎቴ። ስኳር ሲበዛ የእጅና የእግር ጫፍ ይደነዝዛል። እግርዎን በየማታው ያዩታል? ጫማ ሳያደርጉ እንዳይሄዱ፤ መጭመቂያው ቤት ደጃፍ ፍም እንደሚበዛ አውቃለሁ።

ልጅዎ ዮሊማ


ኤል ሆቦ፣ ሜይ 16 ቀን 1999

ዮሊማ ልጄ፣

ተቆጥቻለሁ ብለሽ ጀምረሽ አልቆጣም ብለሽ ጨረስሽ። ደህና፤ ምንም ሳላስቀር እጽፍልሻለሁ።

ጠዋት አንድ እንቁላልና ግማሽ አሬፓ። መራራ ቡና። ቀትር ላይ አክስትሽ የምትልክልኝ ጎመን፣ ባቄላና የአይጥ ጆሮ የምታህል ካሳቫ። ማታ ሾርባ። እሁድ ዶሮ፣ ዶሮ ካለ። ጉንዳን። ይኼው ነው። ከዚህ ሌላ አንድም ነገር እንደሌለ በወንድሜ መቃብር እምልልሽ ነበር፤ ግን መማል አንቺ ጋ ዋጋ እንደሌለው ከአናጢው ታሪክ ስለገባኝ ትቼዋለሁ።

ክብደቴ ቀንሷል። ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ ጨምሬበታለሁ። ሌሊት ሽንት አላስተኛ ብሎኛል፤ ውሃ ስጠጣ ጋን ነው የምጨርሰው። ሲስተር ፊደሊና ባለፈው 372 አለችኝ፤ ፊቷም አልፈታልኝም። ቁጥሩን ሳልቀንስ ጻፍኩልሽ።

ብልቃጡ ቶሎ አለቀ ብለሻል። እንደማንኛውም ነገር ብክነት አለው። ቀስ በቀስ ግን መቆጠብ ለምጃለሁ።

ስለ እግሬ ለጠየቅሽው፣ ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ናቸው። አዲስ ጫማ ገዝቻለሁ። አክስትሽ አምርራ አስገዛችኝ፤ ምክንያቱን ስትመጪ ትነግርሻለች።

ለሳን ፔድሮ በዓል እንደምትመጪ ነግሬያታለሁ። ቤቱን ኖራ መቀባት ጀምራለች።

አጎትሽ ሳቱርኒኖ


ቡካራማንጋ፣ ጁን 13 ቀን 1999

አጎቴ፣

ስለ ጤናዎ አልጠይቅም፤ ከደብዳቤዎ በኋላ ለብቻው ጽፈው የላኩልኝ ቁጥር ነግሮኛል። 418።

ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ሳቀ። «አጎትሽ ከነጭልፋው ነው የሚጠጣው» አለኝ፤ ሌሎቹ ነርሶች እየሰሙ። ተሟገትኩልዎት። «አጎቴ ቃሉን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፣ በእሱ እጅ ነው ያደግኩት» አልኩ። ሁለት ቀን ሳይሞላ ክሪሳንቶ እዚህ መናኸሪያ አገኘኝ። «አጎትሽ ያው ናቸው፤ ባለፈው ሐሙስ ፈሳሹን በጣታቸው እየጠለቁ ወደ አፋቸው ሲያደርጉ አይቻቸዋለሁ፤ ልጅ ይመስላሉ» አለኝ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፤ ክፉ አላሰበም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ጎመን አሉኝ። ባቄላ አሉኝ። የአይጥ ጆሮ የምታህል ካሳቫ እያሉ አሳቁኝ። ያንን ደብዳቤ ለጓደኞቼ አንብቤላቸው ነበር፤ በሽተኛ እንዲህ ነው መሆን ያለበት ብዬ። ስንት የሚዋሽ በሽተኛ አይቻለሁ፤ እንዲህ አሳምሮ የዋሸኝ ግን የለም።

ውሸታም ነዎት አጎቴ። ይኼን ቃል እጽፍልዎታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፤ ጽፌዋለሁ፤ አላጠፋውም።

ሐኪሙ ድፍርሱን ጠዋት ሠላሳ ስድስት፣ ማታ ሃያ አድርጎታል። ሌላም ጨምሯል፤ አብሮ የተላከው ብልቃጥ ጥርት ያለው ኢንሱሊን ነው፣ ፈጥኖ የሚሠራው። ከምሳና ከራት ግማሽ ሰዓት በፊት ስድስት ይውሰዱ፤ ወግተው ሳይበሉ እንዳይቀሩ። መድኃኒት ላይ መድኃኒት እየከመርን ነው፤ ለምን እንደሆነ እርስዎ ያውቃሉ።

ለሳን ፔድሮ አልመጣም። ፈቃድ ተሰጥቶኝ ነበር፤ መለስኩት። እውነቱን የጻፉልኝ ዕለት በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ነኝ።

ዮሊማ


ኤል ሆቦ፣ ጁላይ 4 ቀን 1999

ለተከበሩ ሲስተር ዮሊማ አሞሮቾ፣

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ የላኩት ደብዳቤና መድኃኒት በሰላም መድረሱን አስታውቃለሁ። በዓሉ አልፏል። ኖራው ግን ጥሩ ሆኗል።

እውነቱን ይጻፉልኝ ስላሉ እጽፋለሁ፤ ከዚህ በፊት ከጻፍኩት የተለየ አይደለም። ሾፌሩ ያየው እውነት ነው፤ ወደ አፌ አድርጌዋለሁ። ጣቴ ስለደነዘዘ ልኩን ማወቅ አቃተኝ። ሁለት ጊዜ አሳረርኩባቸው። ስለዚህ ከውሃው ሳወጣው በጥርሴ እሰብረዋለሁ፤ ቀጭ ካለ በስሏል። ከዚያ እተፋዋለሁ፤ አፌንም በውሃ እጉመጠመጣለሁ። ጉሜርሲንዶ አጠገቤ ቆሞ «ወርቅ የሚተፋ ሰው» እያለ ይሰድበኛል። ሾፌሩ እስክተፋ ቢቆይ ኖሮ ይኼንንም በነገረዎት ነበር።

ሌላ አንድ ነገር ላንሳ፣ ከዚያ ዝም እላለሁ። እኔ ውሸታም ብሆን 418 ብዬ ለምን እጽፋለሁ? ቁጥሩን ያየነው እኔና ሲስተር ፊደሊና ብቻ ነን። 150 ብዬ ብጽፍ ማን ያውቅ ነበር? እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይኼን ለምን እንዳላሰቡት አልገባኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አሰብኩበት፤ አልገባኝም።

አዲሱን መድኃኒት ለላከው ሰው ምስጋና ይድረስልኝ። ይኼኛውን እዚያው አጥልለው ስለላኩት ድካም ቀንሶልኛል። የመጀመሪያውን ሳልነካው አሳድሬው፣ ነጩ አተላ ታች ሲቀር፣ ብልቃጡን ጋደም አድርጌ ከላይ ጥርት ያለውን ብቻ ነበር በመርፌ የምስበው። የአገዳ ጭማቂ ሲጠልል ባየሁት ዓይን ነው የሠራሁት፤ አንዲት ጠብታ አተላ ወደ ገላዬ አላስገባሁም። የተረፈውን አተላ ቤላርሚና ከነብልቃጡ ትጥለዋለች። እንዳይናጥ ያሉትንም እስከ ዛሬ ጠብቄያለሁ።

ስለ እግር ላነሱት፣ ደህና ነው።

አክባሪዎ ሳቱርኒኖ አሞሮቾ

ዮሊማ፣ እኔ ቤላርሚና ነኝ፤ ፖስታውን ከማሸጌ በፊት ነው ይኼን የጻፍኩት፤ እሱ አያውቅም። እግሩ ደህና አይደለም። ኤፕሪል ላይ ፍም ረግጦ ሳያውቅ ቆሞበት፣ እኔ ነኝ ቆዳ ሲቃጠል ሸትቶኝ የጮህኩት። ቁስሉ አልድን ብሎ ሰፋ፤ አሁን ሽታው ሌላ ነው። አውራ ጣቱ ጠቁሯል። ላስታምመው እንጂ ላሳምነው አልቻልኩም። ነይልኝ።


ቴሌግራም፣ ቡካራማንጋ፣ ጁላይ 10 ቀን 1999

አተላው ራሱ መድኃኒቱ ነው። ላዩ ውሃ ነው። ድፍርሱን በሁለት መዳፍ መሃል እያንከባለሉ ነጩ ከውሃው እስኪዋሃድ ያቀላቅሉ። ግን ሠላሳ ስድስት እንዳይወጉ፣ ይገድልዎታል። ወደ አሥራ አራትና ስምንት ይመለሱ። በማንኛውም መኪና ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። እየመጣሁ ነው። ዮሊማ


ቡካራማንጋ፣ ኦገስት 22 ቀን 1999

አጎቴ፣

ከተመለስኩ አሥራ አንድ ቀን ሆነኝ። በየማታው እጀምራለሁ፣ እቀደዋለሁ። ሆስፒታል አልጋዎ አጠገብ በተቀመጥኩባቸው ሦስት ሳምንታት ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው ስለነበር ያላልኩትን ሁሉ ይኸው አሁን በወረቀት ልበል።

ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ክፍል ውስጥ ሳስተምር ብልቃጡን እጄ ላይ ይዤ ነው። እያወራሁ በመዳፎቼ መሃል አንከባልለዋለሁ፤ ነጩ ከውሃው ጋር ይዋሃዳል፤ ሁሉም ያያል፤ እነሱም በእጃቸው ያደርጋሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሳደርግ አንድ ቀን በአፌ ብዬው አላውቅም። እጄ የሚያስተምረውን አፌ የሚያስተምር መስሎኝ ኖሬአለሁ። ለእርስዎ ደግሞ እጄን መላክ አልቻልኩም፣ የላክሁት ወረቀት ነው። ወረቀቱ ላይ «አይናጡት» ብዬ ጻፍኩ። ማንከባለሉን ግን አልጻፍኩም። እርስዎ የነገርኩዎትን አንድ በአንድ አደረጉ፤ ያልነገርኩዎትን ደግሞ ዕድሜ ልክዎን በሚያውቁት መንገድ ሞሉት። ይኼ ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

አምስት ወር ሙሉ ውሃ ነበር የሚወጉት። በውሃ ብቻ፣ በጎመንና በባቄላ ያንን ሁሉ ጊዜ መቆምዎ ሐኪሙን አስገርሞታል። ያ የሳቀው ሐኪም ነው፤ አሁን አይስቅም።

ለሳን ፔድሮ ብመጣ ኖሮ በመጀመሪያው ጠዋት ብልቃጡን ሲያጋድሙ አያለሁ። እግርዎንም አያለሁ። ጣት ብቻ ይቆረጥ ነበር፤ ምናልባት እሱም አይቆረጥም ነበር። አሁን ከጉልበት በታች የለም።

ቁስሉ ዳነ? ክራንቹ ብብትዎን አላቆሰለውም? ድፍርሱን ማን ያንከባልልልዎታል? ጤና ኬላው ድረስ የሚያደርስዎት አለ? መጭመቂያው ቤትስ ሄደው ያውቃሉ? ለገና ብመጣስ፣ ደጃፉን ይከፍቱልኛል? ስለ ሁሉም ይጻፉልኝ። ካልፈለጉም ቁጥሩን ብቻ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ዮሊማ


ኤል ሆቦ፣ ኦክቶበር 3 ቀን 1999

ዮሊማ ልጄ፣

እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። ዝናቡ አላቆም ብሎ አገዳው ቢጫ ሆኗል።

ቁስሉ ገጥሟል። ክራንቹን ጉሜርሲንዶ ከዘይቱን እንጨት ጠርቦ፣ ብብት የሚይዘውን በጨርቅ ለብጦ አመጣልኝ። ሲሰጠኝ መሳደብ አቃተው፤ እሱ ነው ያስለቀሰኝ። ወደ መጭመቂያው ቤት አልሄድኩም። አሁን ልክ የሚሰጠው እሱ ነው፤ ያሳርራል። ነፋሱ ወደዚህ ሲሆን ይሸተኛል። መጀመሪያ ሰሞን ቤላርሚናን «ሂጂና አውጡ በያቸው» እያልኩ እልካት ነበር፤ እሷ እስክትደርስ ያልፍበታል። አሁን መስኮቱን ዘግቼ እቀመጣለሁ።

ስለ ብልቃጡ ይቅርታ ጠይቀሻል። ስለ ብልቃጡ የሚጠየቅ ይቅርታ የለም። አንቺ አንድ ነገር ሳትጽፊ ቀረሽ፣ እኔ አውቃለሁ ብዬ ሳልጠይቅ ቀረሁ። ድፍርስ ነገር ሲያይ እጄ የሚያውቀው ሌላ ሥራ የለም። ለእግሬም ተጠያቂው እኔው ነኝ፤ ደብቄሻለሁ፤ የደበቅሁት ነገር ቢኖር እሱን ብቻ ነው።

ያኔ የጻፍሽብኝን ቃል ግን ሳትጠሪ አለፍሽው። እኔም በደብዳቤሽ ፈለግሁት፤ ሁለቴ አስነበብኩ። ቤላርሚና «ሁሉንም ይቅርታ ብላለች፣ ምን ቀረህ?» ትለኛለች። ቄሱም ይቅር በል አሉኝ፤ ይቅር ብያለሁ፤ በአፌ ብዬዋለሁ። ሌሊት ስነቃ ግን የሚያመኝ የሌለው እግሬ ብቻ አይደለም። አራት ዓመት ሆኖሽ እጄን ይዘሽ ዳገቱን የወጣሽ ልጅ፣ የሾፌር ወሬ ሰምተሽ፣ እኔ የጻፍኩትን ወረቀት እያየሽ አላመንሽኝም። እጅግ አዝኛለሁ። ይኼንን ብነግርሽ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።

ለገና ነይ። ቤቱ ቤትሽ ነው፤ ደጃፉ ክፍት ነው። አክስትሽ ኖራ ልትቀባ ነው።

ድፍርሱን የምታንከባልለው እሷ ናት። ጠዋትና ማታ በመዳፏ መሃል ሠላሳ ጊዜ ትቆጥራለች፣ እኔ አያለሁ፣ ነጩ ሁሉ ሲቀላቀል እሞላለሁ። አሥራ አራትና ስምንት። ጥርት ያለውን ሐኪሙ አስቁሞታል። ሲስተር ፊደሊና አሁን እቤት ድረስ መጥታ ትለካኛለች። ሴፕቴምበር 6 ቀን 141፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 128፣ ትናንት 119።

ቁጥሮቹን በሌላ ወረቀት ለይቼ አብሬ ልኬልሻለሁ። ከእያንዳንዱ ጎን የሲስተር ፊደሊና ፊርማና የጤና ኬላው ማህተም አለ። ማህተሙን ስጠይቃት እምቢ ብላኝ ነበር። «ለማን ነው? ለመንግሥት ነው?» አለችኝ። «ላሳደግኳት ልጅ ነው» አልኳት። ማህተሙን አነሳችና መታችልኝ። የምበላውንም ቤላርሚና በየማታው ትጽፋለች፤ ያለፈው ወሩ ከኋላ ተያይዟል። ከእንግዲህ የምልክልሽ ሁሉ እንዲህ ነው የሚመጣው።

አጎትሽ
ሳቱርኒኖ አሞሮቾ

ከላይ የተጻፈው ትክክል ለመሆኑ እማኝ፦ ቤላርሚና ፒንሶን